ሳትጠይቅ የጠጣችው ብርጭቆ

ሆቴሉ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ «መርማሪዋ» ነበር የሚሏት። ለዚህም ሁለት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛው ሥራዋ ነው፤ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ባለው መነፅር ቤት የሰው ዓይን ትመረምራለች። ሁለተኛው ጠባይዋ ነው። አመሻሽ ላይ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ወደ ባሩ ጎራ ስትል፣ ሌላው ያሻውን አዝዞ ወንበር ሲመርጥ፣ እሷ ባንኮኒው ጋ ቆማ ጥያቄዋን ትጀምራለች።

«ይሄ ጠርሙስ ምን ምን አለበት?»

«ጂን ነዋ! ጂን ውስጥ ምን ይኖራል?» ይላታል አንዱ አስተናጋጅ።

«እሱን አይደል የጠየቅኩህ? ቅመሙ ውስጥ ለውዝ ገብቶበታል?»

አስተናጋጁ ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ፣ «ይቺ ሴት የመጣችው ልትጠጣ ነው ቃል ልትቀበል?» ይላል። ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ለምዳዋለች።

አንድ ቀን ባንኮኒው ጀርባ አዲስ ባሬስታ ቆሞ አገኘች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ የጠቀለለ ሰው ነው። የተለመደውን ጥያቄዋን ጠየቀችው። አልሳቀም። ጠርሙሱን አወረደና ወደ ብርሃኑ አዙሮ ፊቱንም ጀርባውንም አነበበው። ከዚያ መልሶ መደርደሪያው ላይ አኖረው።

«ምንም አልተጻፈበትም» አላት። «አልተጻፈም ማለት ግን የለበትም ማለት አይደለም። ይሄን አልቀዳልዎትም።»

ቀና ብላ አየችው። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከእናቷ በቀር ስለ እሷ «አይሆንም» ያለላት ሰው አልነበረም። ያን ቀን የጠጣችው ውሃ ብቻ ነው። ወደ ቤቷ የሄደችው ግን ሞቅ ብሏት ነበር።

*

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አራት ዓመት ሲሆናት ጎረቤት የሰጣት አንዲት ብስኩት ፊቷን አሳብጣ፣ ጉሮሮዋን ዘግታ ከሞት አፋፍ አድርሳታለች። ኦቾሎኒም ሆነ ሌላ የለውዝ ዘር አይስማማትም፤ አለመስማማት ብቻ አይደለም፣ ይገድላታል። እናቷ በሕይወት ሳለች ወደ ልጇ አፍ የሚገባውን ሁሉ ቀድማ ታጣራ ነበር። እናቷ ስትሞት ማጣራቱ የራሷ ሥራ ሆነ።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግራት መጠጡ ነው። ጣፋጭ ሊኬር ብዙው ከለውዝ ይሠራል፤ ክሬም ያለበትም አይታመንም። ጥቁር ቢራ ውስጥ ሳይቀር ለጣዕም ብለው የሚጨምሩ አሉ። ጠርሙሱ ደህና ቢሆን እንኳ የተበጠበጠበት ሼከር፣ የተማሰለበት ማንኪያ፣ የሰው ሁሉ እጅ የሚገባበት የተቆላ ኦቾሎኒ ሳህን አለ። መጠጥ ደግሞ ያዘናጋል። ሞቅ ያለው ሰው ከንፈሩን ሲያሳክከው ስካር ይመስለዋል፤ ልብ ሲል ረፍዷል። ስለዚህ ከአንድ ብርጭቆ አታልፍም። ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሕመሙ ሲነሣ ጭኗ ላይ የሚወጉ እስክሪብቶ የሚመስሉ ሁለት የመድኃኒት መርፌዎች ይዛ ትዞራለች። መርፌዎቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቧ ከሌለ ደግሞ ብርጭቆ አታነሳም።

ያ ሰው ባሬስታው ሆነ። ለእሷ ብቻ ብርጭቆና ማንኪያ ለየ፤ ኦቾሎኒውን ከባንኮኒው ላይ አንስቶ ሩቅ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። መርፌው እንዴት እንደሚወጋ አሳይታው፣ ጊዜው ባለፈበት አሮጌ መርፌ ብርቱካን ላይ ተለማመደ። «ብርቱካኗን ገደልኳት» ሲላት የሳቀችው ሳቅ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጡትን ሰዎች ዞር አስብሏቸው ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሆቴሉ ጀርባ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳለ ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋች። ፊቱን አዞረ።

«ዛሬ አይሆንም» አላት።

ተነሥታ ሄደች። ሦስት ቀን መንገዱን አልተሻገረችም። በመነፅር ቤቱ መስታወት በኩል ባንኮኒው ጋ ቆሞ ታየዋለች፤ እሱም ያያታል፤ ሁለቱም ሥራ ያላቸው ይመስል አንገታቸውን ይደፋሉ። በአራተኛው ቀን ራሱ ተሻግሮ መጣ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ነበርና የሚገዛ መስሎ ከተደረደሩት ፍሬሞች አንዱን አንስቶ ዓይኑ ላይ ሰካ።

«ያን ቀን አዲስ የመጣ ሊኬር ቀምሼ ነበር» አላት በሹክሹክታ። «ሥራዬ ነው። ለውዝ አለበት። አፌን ታጥቤያለሁ፤ መታጠቡ ይበቃ አይበቃ ግን አላወቅኩም።»

«ታዲያ ይሄን መናገር ምን አቃተህ?»

«አንቺ ፊት ለፊቴ ስትሆኚ 'እንዴት ዋልሽ' ማለትም ያቅተኛል፤ እንኳን ይሄን።»

ፍሬሙን ከፊቱ ላይ አነሣችለት። የሴት መነፅር ነበር። ለመሳቅ ፈልጋ ነበር፤ የመጣላት ግን እንባ ነው። ከንፈሩን የነፈጋት ሰው፣ እስከዛሬ ከወደዷት ሁሉ አብልጦ እንደወደዳት ገባት።

*

አባቷ ለሠላሳ አራት ዓመት ዳኛ ነበሩ። ቤታቸው ውስጥም ቢሆን የእሳቸው ውሳኔ ይግባኝ አልነበረውም። ታላቅ እህቷን እትዬን ለመሐንዲስ ድረዋል፤ ለታናሿም ያሰቡላት ጠበቃ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ልቧን አደፋፍራ ነገረቻቸው።

«ሆቴል የሚሠራ ሰው አለ፣ አባባ።»

«ሥራ አስኪያጅ ነው?»

«አይደለም። ባሬስታ ነው።»

ዳኛው ሹካቸውን አስቀመጡ። «መጠጥ ቀጂ ማለትሽ ነው። ልጄ፣ እኔ ከፈረድኩባቸው ሰዎች ግማሾቹ ከእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ጠጥተው የወጡ ናቸው።»

«እሱ እኮ ለእኔ ጤና...»

«ጤናሽ ምን ሆነ? እናትሽ ናት ያቀማጠለችሽ። ሰው ቆሎ በልቶ ያድራል፤ የእኔ ልጅ ከለውዝ ጥላ ትሸሻለች! ስታድጊ ይተውሻል ብዬ ነበር።»

ሲያማት አይተው አያውቁም። ባመማት ጊዜ ሁሉ ችሎት ላይ ነበሩ፤ ሲመለሱ ልጃቸው ድና ተኝታ፣ ሚስታቸው ደክሟት ተቀምጣ ያገኛሉ። ያላዩትን ማመን ደግሞ ሙያቸው አልነበረም።

እትዬ ግን ለእህቷ አዘነች። የአባታቸው የጡረታ መሸኛ ምሳ በዚያው ሆቴል እንዲሆን ያደረገችው እሷ ናት። «ባሬስታሽን ባንኮኒው ጋ ያዩታል» አለች፤ «ሥራውን አክብሮ የሚሠራ ሰው ሲያዩ ምናልባት ልባቸው ይራራ ይሆናል።» መርማሪዋ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ደስ ብሏትም ፈርታም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አላወቀችም።

*

ምሳው ላይ ሠላሳ ሰው ነበር። ባሬስታው ለእሷ ያልተከፈተ ነጭ ወይን ከፍቶ፣ ለይቶ ባጠበው ብርጭቆ ቀድቶ በራሱ እጅ አመጣላት። ሲያስቀምጥ አልተነጋገሩም። ብርጭቆውን ለቆ ሲሄድ ግን ዓይኗን አየና ቅንድቡን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ «አይዞሽ» ማለቱ ነው።

ዳኛው ጠረጴዛውን እየዞሩ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ከሰጧቸው የስጦታ ሊኬር ለወዳጆቻቸው ይቀዱ ነበር። መርማሪዋ ጠርሙሱን ከሩቅ ስታይ ብርጭቆዋን ወደ ውሃው ጆግ አስጠጋችው። ዘግይቶ የመጣ አንድ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ነበርና ልትቀበለው ወጣች። ስትመለስ ሁሉም ተነሥተው ጽዋ ሊያነሡ ነው። ብርጭቆዋ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ከእሱ እጅ የመጣ ስለሆነ ምንም አልጠየቀችም።

አባቷ በጠረጴዛው ማዶ ፈገግ ብለው ያዩዋት ነበር። እንዲህ ፈገግ ካሉላት ዓመታት አልፈዋል። ስለ ፈገግታቸው ስትል ከወትሮዋ ደፈር ብላ ተጎነጨች።

መጀመሪያ ከንፈሯን አሳከካት። ከዚያ ምላሷ የሌላ ሰው ምላስ የሆነ ይመስል ከበዳት። ሆዷን ቆረጣት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ አንድ በር ቀስ እያለ ሲዘጋ ተሰማት። «ቦርሳዬን» ልትል ፈለገች፤ ድምፅ አልወጣትም። ዓይኗን ወደ ባንኮኒው ወረወረች። ባሬስታው ያየው ያን ዓይን ነው። ዓይኗ ያለው «ድረስልኝ» ብቻ አልነበረም። «ምን አጠጣኸኝ?» የሚልም ነበረበት።

ባንኮኒውን ዘልሎ መጣ። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ ነጠቀ፤ መርፌውን አወጣና በቀሚሷ ላይ ጭኗን ወጋት።

«እጅህን አንሣ! እጅህን ከልጄ ላይ አንሣ!» ብለው ጮኹ ዳኛው።

እጁን አላነሣም። መርፌውን ይዞ እስከ አሥር ቆጠረ፤ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ «አምቡላንስ ጥሩ» አለ። አስተኝቷት እግሯን ከፍ አድርጎ ያዘ። አምቡላንሱ ሲደርስ ሁለተኛውን መርፌ ለሐኪሙ ሰጠና ያየውን ሁሉ ደቂቃ በደቂቃ ነገረው። በሩ ሲዘጋ አስፋልቱ ላይ ብቻውን ቀረ። 

*

ዳነች። ሕመሙ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል ብለው እስከ ማግሥቱ ሆስፒታል አቆዩዋት።

ሆቴሉ ውስጥ ግን ነገሩ በዚያው ከሰዓት አለቀ። ዳኛው አምቡላንሱን ተከትለው ሊወጡ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ በፍርሃት እጁን እያሻሸ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ከማን እጅ ነው የጠጣችው?» ብሎ ጠየቀ።

«ብርጭቆውን ያቀረበላት ባሬስታው ነው» አሉ ዳኛው።

ብርጭቆው ከሌሎቹ ጋር ታጥቦ ነበርና የሚመረመር ነገር አልነበረም። ከሥራ መሰናበቱ ሲነገረው ባሬስታው አልተከራከረም። ሽርጡን ፈታ፣ አጠፈ፣ ባንኮኒው ላይ አኖረና ወጣ።

መርማሪዋ ወደ ሥራዋ ስትመለስ መንገድ ማዶ ሌላ ሰው ቆሞ አየች። መደወል ትችል ነበር፤ አልደወለችም። ልቧ ውስጥ አንድ እሾህ ተሰክቷል፦ *ሌላው ቢሳሳት አይገርመኝም፤ እሱ ግን እንዴት?* እንዲህ ባሰበች ቁጥር እሾሁ ጠለቅ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት እትዬ አንድ ደብዳቤ አመጣችላት።

«ለመርማሪዬ፣

ደህና መሆንሽን ከእህትሽ ሰምቻለሁ። ተመስገን። ከዚህ በላይ የምለው ባይኖር ጥሩ ነበር።

ያን ቀን ያደረግኩትን ሁሉ መቶ ጊዜ ደግሜ አስቤዋለሁ። ጠርሙሱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ብርጭቆውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ያደረቅኩበት ፎጣም አዲስ ነበር። በረዶ ላመጣ አንድ ጊዜ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ከዚያ በቀር ዓይኔን ከአንቺ አልነቀልኩም። ስህተቴን ፈልጌ አጣሁት። ባገኘው ይሻለኝ ነበር። ያገኘሁትን ጥፋት 'ሁለተኛ አይለምደኝም' ብዬ እምልልሽ ነበር፤ ላላገኘሁት በምን እምላለሁ?

ከእንግዲህ ለሰው መጠጥ መቅዳት አልችልም። ከከተማው ርቆ ባለ በረዶ ፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ። በረዶ ውሃ ብቻ ነው።

ዓይንሽ ያን ቀን አንድ ነገር ጠይቆኛል። መልስ የለኝም። መልስ ሳይኖረኝ ፊትሽ መቆም አልችልምና አትፈልጊኝ።»

መልስ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። አንዴ «ይቅር ብዬሃለሁ» ብላ ጻፈች፤ ሁለቱንም ቃላት ስታነብ ውሸት መሰሏት፣ ቀደደችው። አንዴ «ና» ብላ ጻፈች፤ እሱንም ቀደደችው። በመጨረሻ የእሱን ደብዳቤ አጥፋ ልብሷ መሃል ሸጎጠችው። እንዳልጠላችው ታውቃለች። ልትወደው ግን ፈራች፤ እንዲህ ዓይነት ብቸኝነት ደግሞ እናቷ ስትሞት እንኳ አልገጠማትም።

*

ዳኛው ከዚያ ምሳ ወዲህ ሰው አልሆኑም። እትዬ «እህል በአፋቸው አይዞርም» ትላለች። ጋዜጣ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ገጽ ሲገልጡ ግን አይታዩም። አንድ ማለዳ መነፅር ቤቱ እንደተከፈተ ከዘራቸውን ይዘው ከች አሉ።

«ፊደሉ ይደንስብኛል» አሉ። «እስቲ እዪኝ።»

መርማሪዋ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባቻቸውና ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከባዱን የመለኪያ ፍሬም አፍንጫቸው ላይ አድርጋ መስታወቶቹን እየቀያየረች፣ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ትላቸው ጀመር። ሦስተኛው መስመር ላይ ማንበቡን አቆሙ። ትንሿን መብራት አንስታ፣ ትንፋሻቸው እስኪሰማት ተጠግታ ዓይናቸውን አየች።

«አባባ፣ እንባ እያለ ዓይን አይለካም።»

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። የክፍሉን መብራት አታብሪው።»

«ምን ሆነው ነው?»

«ያን ቀን አንቺ እንግዳ ልትቀበይ ስትወጪ... እሱም ወደ ጓዳ ሲገባ... ከዚያ ከስጦታው ጠርሙስ ብርጭቆሽ ውስጥ ጠብ አደረግኩበት። አንዲት ጠብታ። ቢበዛ ሁለት። ለሁሉም ስቀዳ ነበርና ማን ልብ ይለኛል?»

ትንሿን መብራት ከዓይናቸው ላይ አነሣች። «ለውዝ እንዳለበት ያውቁ ነበር?»

«ስሙ ላይ ተጽፎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ምንም እንደማትሆኚ ላሳይሽ ብዬ። ጠጥተሽ ስትጨርሺ 'አየሽ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ስትፈሪው የኖርሽው ይሄው ነው' ልልሽ ነበር። አብረን ልንስቅ ነበር። ነጻ ላወጣሽ...»

ያ ፈገግታ ትዝ አላት። ስለ እሱ ስትል ደፈር ብላ የተጎነጨችለት ፈገግታ።

«ሰባት ጊዜ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እማዬ ሰባት ጊዜ ታቅፋኝ ሆስፒታል ሮጣለች። የት ነበርክ?»

በሕይወቷ አባቷን «አንተ» ብላ አታውቅም። ሁለቱም ሰሙት። ዳኛው አልተቆጡም።

«ችሎት ነበርኩ» አሉ።

«ያን ሰውዬ ሲያባርሩትስ? እኔ ልቤ እሱ ላይ ሲጠነክርስ የት ነበርክ? ጠረጴዛ ላይ አብረን እየበላን!»

«'ብርጭቆውን ያቀረበላት ባሬስታው ነው' አልኩ። ውሸት አልነበረም። እውነቱን ግን ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን ብቻ ነው የሰጠሁት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያደረጉ ምስክሮችን ከፊቴ አቁሜ አዋርጄአለሁ፤ ያሰርኳቸውም አሉ። ለእኔ ግን የሚፈርድብኝ ጠፋ። ወጥቼ ልናገር ብዬ ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ። አንቺን ማጣት ፈራሁ።»

መብራቱን አበራች። አባቷ ያን የብረት ፍሬም እንዳደረጉ፣ ጉንጫቸው ረጥቦ፣ ድንገት ሽማግሌ ሆነው ታዩዋት። ፍሬሙን ቀስ ብላ ከፊታቸው አወረደችው።

«ዓይንዎት ደህና ነው» አለች። «መነፅር አያስፈልግዎትም። ይሄን ለእኔ የነገሩኝን ግን ሄደው ለእሱም ይነግሩታል።»

እንደገና «እርስዎ» አለቻቸው። «አንተ» ያለቻቸው በቁጣ ነበር፤ በቁጣው ውስጥ ልጅነቷ ነበረበት። በአሁኑ «እርስዎ» ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። ዳኛውን የጎዳቸው ይሄኛው ነው።

*

መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዱ። ዳኛው «ተቀመጡ» ሲባሉ እንቢ ብለው፣ ባሬስታው ሽርጡን ካኖረበት ባንኮኒ ፊት ለፊት ቆመው፣ አስተናጋጆቹ እየሰሙ ሁሉንም ተናገሩ። ማንም ሳይጠይቃቸው በጽሑፍም አድርገው ፈረሙበት።

በቅዳሜው አባትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ በረዶ ፋብሪካው ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ ዳኛው እንቅልፍ ጣላቸውና አውቶቡሱ ሲታጠፍ ጭንቅላታቸው ወደ መስኮቱ ብረት ዘመመ። ሳታስበው መዳፏን መሃል አስገብታ ደገፈችው። ከዚያ ምን እንዳደረገች ስታውቅ ተናደደች። እጇን ግን አልሳበችም፤ እስኪነቁ ድረስ እንደደነዘዘ አቆየችው።

ፋብሪካው ደጁ ሁሉ እርጥብ ነበር። የጎማ ቡትስ ያደረጉ ሰዎች ረጃጅም የበረዶ ግንዶችን በመንጠቆ እየጎተቱ ጭነት መኪና ላይ ይጭናሉ፤ ከበረዶው ላይ ነጭ ትንፋሽ ይነሣል። ባሬስታው መንጠቆውን ይዞ ሲዞር አያት። ከስቷል። ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከኋላዋ ዳኛውን ሲያይ ግን ባለበት ቆመ።

ዳኛው ኮፍያቸውን አወለቁ። ለሥራ አስኪያጁ የነገሩትን ለእሱም ደገሙለት። አላሳጠሩትም፤ ለራሳቸውም አላደሉም። ሲጨርሱ፣ «ልጄን ያዳንካት አንተ ነህ። የወነጀልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ለማለት ነው የመጣሁት» አሉ።

ባሬስታው እጆቹን ገልብጦ አያቸው። በበረዶ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ» አለ፣ «እነዚህን ጣቶች እንደ ሌባ ነው ስጠብቃቸው የከረምኩት። ምግብ ስበላ እንኳ እጄን አላምነውም። ክቡር ዳኛ፣ ይቅር እልዎት ይሆናል። ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ከፊቴ ዞር ይበሉልኝ።»

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። ውሳኔውን ተቀብለው ወደ ውጭው በር ሄዱ፤ ፀሐዩ ላይ ቆሙ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እኔም አለሁበት» አለችው። «ነጋ ጠባ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ አንተን አንዲት ቃል ሳልጠይቅ ፈረድኩብህ።»

«የዳኛ ልጅ አይደለሽ?» አላት። ቀልድ ነበር፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም። ቀጠለ። «ሆቴሉ ተመለስ ቢለኝም አልመለስም። ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ ግን አልሰማም። አሁን ላንቺ ውሃ መቅዳት እንኳ ያስፈራኛል።»

ቀና ብላ አየችው። የወደደችው ሰው እዚያው ነበር፤ የፈራው ሰውም እዚያው ነበር። አንዱን ከሌላው ለይታ መውሰድ እንደማትችል ገባት።

«ጠምቶኛል» አለችው። «ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ።»

አያት። ለማሾፍ መሆኑን ከፊቷ ላይ ፈለገ፤ አላገኘም። ግቢው ጥግ ወዳለው ቧንቧ ሄደ። የብረት ኩባያውን አጠበው፤ ደግሞ አጠበው፤ ሦስተኛ አጠበው። ሞልቶ ሲያመጣው ውሃው ቡትሱ ላይ ይፈስ ነበር። ስትቀበለው ግማሽ ብቻ ነው የቀረው።

ሳታቋርጥ ጠጣችው። ዓይኑ ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱን ጉንጭ እየቆጠረ ያያል። ጨርሳ ኩባያውን ስታወርድም ዓይኑን አላነሣም። ከንፈሯን፣ አንገቷን፣ ትንፋሿን ይጠባበቃል። አልቸኮለችም፤ «አየህ፣ ምንም አልሆንኩም» አላለችውም። ያን ቃል ከማንም አፍ ልትሰማው አትፈልግም ነበር። እስኪበቃው ድረስ እንዲያያት ባዶውን ኩባያ ይዛ ፊቱ ቆመች።

ስንት ደቂቃ እንደቆሙ አላወቁም። ከኋላቸው በረዶው ሲንሸራተት ይሰማል፤ በሩ ላይ ሽማግሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ናቸው፤ ገና አልተጠሩም። በመጨረሻ ባሬስታው ያመቀውን ትንፋሽ ለቀቀው። ረጅም ነበር፤ ሲወጣ ትከሻውን ይዞት ወረደ። መርማሪዋም ትንፋሿን ይዛ እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።